ቦርጭ ያለው ሰው ሽንቱ ይመርመር፦ ለድሬዳዋ አስተዳደር ጤና ቢሮ የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለድሬዳዋ አስተዳደር ጤና ቢሮ
ድሬዳዋ

ጉዳዩ፦ ከልክ ያለፈ ውፍረት ላላቸው ጎልማሶች በጤና ጣቢያ ደረጃ የኩላሊት ቅድመ ምርመራ እንዲጀመር ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የቢሮው ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ዕድሜዬን በላቦራቶሪ ሥራ አሳልፌ አሁን በጡረታ ላይ የምገኝ የድሬዳዋ ነዋሪ ነኝ። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። በከተማችን ወደሚገኝ ማንኛውም ጤና ጣቢያ በየትኛውም ምክንያት የሚመጣ ጎልማሳ ከልክ ያለፈ ውፍረት ካለው፣ ደም ግፊቱም ስኳሩም ደህና ቢሆኑ እንኳ፣ ወገቡ እንዲለካ፣ ሽንቱ ውስጥ ፕሮቲን መኖር አለመኖሩ እንዲታይ፣ በዓመት አንድ ጊዜም ክሪያቲኒን የተባለው ኩላሊት የሚያጣራው ቆሻሻ በደሙ ውስጥ ያለው መጠን እንዲመረመርለት ነው። በሥራ ዘመኔ እንዳየሁት የኩላሊት ምርመራ ትእዛዝ ወደ ላቦራቶሪ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ በሽተኛው አስቀድሞ የግፊት ወይም የስኳር ካርድ ሲኖረው፣ አለዚያም ፊቱና እግሩ ካበጠ በኋላ ነው። ወፍራም ሆኖ ሌላ ሕመም ያልተመዘገበበትን ሰው ስለ ኩላሊቱ የሚጠይቀው የለም። ጉዳቱ ግን የሚጀምረው በዚህ ማንም በማይጠይቅበት ጊዜ ነው።

ለምን እንዲህ እንደምል ላስረዳ። የአንድ ጤናማ ጎልማሳ ሁለት ኩላሊቶች በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም ያጣራሉ። ከዚህ ውስጥ ከ99 በመቶ በላይ የሚሆነው ተመልሶ ወደ ደም ይገባል፤ የቀረው አንድ ወይም ሁለት ሊትር ሽንት ሆኖ ይወጣል። ይህን ሥራ የሚሠሩት ኔፍሮን የሚባሉት ጥቃቅን ክፍሎች ሲሆኑ በአንድ ኩላሊት ውስጥ በአማካይ አንድ ሚሊዮን ያህል ይገኛሉ። ቁጥራቸው ከሰው ሰው በእጅጉ ቢለያይም ጊዜውን ጠብቆ የተወለደ ሕፃን ከዚያ በኋላ አንድም አዲስ ኔፍሮን አይጨምርም። ሰውየው በኋላ 20 ወይም 30 ኪሎ ቢጨምር፣ የጨመረው ሰውነት የሚፈልገውን ደም የማጣራት ሥራ ሁሉ የሚሸከሙት እነዚያው የተወለደባቸው ኔፍሮኖች ናቸው።

ስለዚህ የወፍራም ሰው ኩላሊት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከልኩ በላይ ይሠራል። ወደ ማጣሪያው የሚገባው ደም ይበዛል፣ በውስጡ ያለው ግፊት ከፍ ይላል፣ ማጣሪያው ራሱም ይተልቃል። የማጣሪያውን ቀዳዳዎች የሚጠብቁት ፖዶሳይት የሚባሉ ሕዋሳት ግን ማጣሪያው በተለቀ መጠን ቁጥራቸውን ማባዛት አይችሉም። ሰፊውን ቦታ ለመሸፈን ይለጠጣሉ፣ ከዚያም ከቦታቸው ይነቀላሉ፤ ወንፊቱ በዚያ በኩል ይሰፋና አልቡሚን የተባለው ፕሮቲን ወደ ሽንት ያመልጣል፤ የተጎዳው ቦታም ቀስ በቀስ ጠባሳ ይሆናል። የስብ ክምችት፣ በተለይም ሆድ ውስጥ ያለው፣ ዝም ብሎ የተቀመጠ ጭነት አለመሆኑም መታወቅ አለበት፤ ጨው በሰውነት ውስጥ እንዲቀር የሚያደርጉና የደም ሥሮችን የሚያጠብቡ ሆርሞኖችን የሚቀሰቅስ ሲሆን በኩላሊት ዙሪያ ሲከማችም ኩላሊቱን ይጫነዋል።

አንድ ሐኪም ወይም የላቦራቶሪ ባለሙያ በቀላሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ክሪያቲኒን ከጡንቻ የሚወጣ ቆሻሻ ሲሆን ደም ውስጥ ያለው መጠን ግልጽ ሆኖ ከፍ የሚለው የኩላሊት የማጣራት አቅም ወደ ግማሽ ገደማ ከወረደ በኋላ ሊሆን ይችላል። ከልኩ በላይ እየሠራ ያለ ኩላሊት ደግሞ በወረቀት ላይ ከጤነኛም የተሻለ መስሎ ይታያል። ስለዚህ «ክሪያቲኒንህ ኖርማል ነው» ተብሎ የተመለሰ ወፍራም ሰው ኩላሊቱ ደህና ነው ማለት አይደለም፤ ሽንቱ እስኪታይ ድረስ ስለ ኩላሊቱ የተነገረው ከግማሽ ያነሰ ነው። እብጠት እስኪመጣ መጠበቅም አያዋጣም። እ.ኤ.አ. በ1974 ከከባድ ውፍረት ጋር ተያይዞ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕክምና ጽሑፍ የተገለጸው የኩላሊት ማጣሪያ ሕመም ካሉት ልዩ ጠባዮች አንዱ፣ ብዙ ፕሮቲን በሽንት እየፈሰሰ እንኳ ፊትም እግርም ሳያብጥ፣ የደም አልቡሚንም ሳይወርድ ለረጅም ጊዜ ሊቆይ መቻሉ ነው። ሕመም የለውም፣ ሽንት አያቃጥልም፣ ወገብም አያስይዝም። በአገራችን ወገቡን ያመመው ሁሉ «ኩላሊቴን» ይላል፤ ኩላሊቱ በእርግጥ እየደከመ ያለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይሰማውም።

ይህ በግምት የተነገረ አይደለም። በካሊፎርኒያ 320,252 ጎልማሶችን ለዓመታት ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት፣ ክብደታቸው ልከኛ ከሆነው ጋር ሲነጻጸር፣ የክብደትና የቁመት ምጣኔያቸው (ክብደት በኪሎ፣ በሜትር ለተለካ ቁመት ካሬ ሲካፈል) ከ30 እስከ 35 የሚደርስ ሰዎች እጥበት ወይም ንቅለ ተከላ ወደሚያስፈልግበት ደረጃ የመድረስ ዕድላቸው 3.57 እጥፍ፣ ከ35 እስከ 40 ለሚደርሱት 6.12 እጥፍ፣ ከዚያ በላይ ለሆኑት 7.07 እጥፍ መሆኑን አሳይቷል። ለእኔ ከቁጥሮቹ ይልቅ የሚበልጠው፣ ግፊትና ስኳር በስሌቱ ውስጥ ከገቡ በኋላ ዝምድናው ቢቀንስም አለመጥፋቱ ነው። ግፊትና ስኳር ብዙውን ጉዳት የሚያደርሱ መንገዶች መሆናቸው እውነት ነው፤ ብቸኛ መንገዶች ግን አይደሉም። የዓለም የኩላሊት ቀን እ.ኤ.አ. በ2017 ሲከበር መሪ ጉዳዩ የኩላሊት ሕመምና ከልክ ያለፈ ውፍረት የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። ሰው እንዳይደናገጥ ደግሞ ሌላውንም ወገን መናገር ይገባኛል፦ ከወፍራሞች አብዛኞቹ ኩላሊታቸው አይደክምም፣ ቀጭን ሰውም በኩላሊት ሕመም ይያዛል። ምርመራ የሚያስፈልገውም ከብዙዎቹ መካከል ጉዳት የጀመራቸውን ጥቂቶች በዓይን አይቶ መለየት ስለማይቻል ነው።

«ውፍረት የሀብታም አገር ችግር ነው» የሚል መልስ እንደማይሰጠኝ ተስፋ አደርጋለሁ። በብሔራዊው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ክብደታቸው ከልክ ያለፈ የኢትዮጵያ ሴቶች እ.ኤ.አ. በ2000 ከመቶ 3 ሲሆኑ በ2016 ከመቶ 8 ደርሰዋል፤ በዚያው ጥናት ከመቶ 22ቱ ደግሞ ከሚገባው በታች ቀጭኖች ነበሩ። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ተያይዘው መነበብ አለባቸው። ክብደቱ ዝቅ ብሎ የተወለደ ሕፃን በአማካይ ከሌላው ያነሱ ኔፍሮኖች ይዞ ይወለዳል። እናቱ በቂ ምግብ ሳታገኝ የተፀነሰ፣ ትንሽ ሆኖ የተወለደ፣ አድጎ ከተማ ገብቶ ሥራ ሲያገኝና ሲመቸው የወፈረ ሰው፣ በጥቂት ኔፍሮኖች ትልቅ ሰውነት የሚያስተዳድር ሰው ነው። በሐረርጌ ድርቅ ዓመታት ተወልደው ዛሬ በከተማችን በንግድ፣ በሹፌርነትና በቢሮ ሥራ ላይ ካሉ ጎልማሶች መካከል እንዲህ ያሉ ሰዎች ብዙ እንደሚኖሩ አምናለሁ። የውጭ አገር መመሪያ ስንቀዳ የምንዘነጋው ይህን ነው።

ከዚህ በተጨማሪ ድሬዳዋ የራሷ ጠባይ አላት። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ቆላ በመሆኗ እኩለ ቀን ላይ በእግር ሂዱ ብሎ መምከር ቀልድ ነው። የከዚራ ዛፎች ጥላ የሚደርሰው ለከዚራ እንጂ ለሳቢያንና ለገንደ ቆሬ አይደለም። አጭሩን መንገድ በባጃጅ እንሄዳለን፣ ቀትሩን ተቀምጠን ወይም ተኝተን እናሳልፋለን፣ ሲመሽ ደግሞ ከተማው በሙሉ ይወጣና ሳምቡሳ፣ ባጊያ፣ ሙሸበክና በስኳር የተሞላ ሻይ በየጥጉ ይቀርባል። ስለ ጫት ጥሩም መጥፎም ለመናገር አልተነሣሁም፤ ከአወዳይ ገበያ ብዙ ቤተሰብ ይኖራል፣ ክርክሩም ሌላ ነው። ነገር ግን «ጫት ያከሳል» እያለ የሚጽናና ሰው፣ በርጫ ከመቀመጡ በፊት የሚበላውን ከባድ ምሳ፣ ከዚያ በኋላ ለሰዓታት ያለ እንቅስቃሴ መቀመጡን፣ በመሐል የሚጠጣውን ለስላሳና ጣፋጭ ሻይ ቢቆጥር ሒሳቡ ሌላ ይሆናል፤ ጫት ለጊዜው የደም ግፊትን ከፍ እንደሚያደርግም የታወቀ ነው። በሰላምታችንም ቢሆን «ወፍረሃል እኮ፣ ተመችቶሃል!» ምርቃት ነው። ቦርጭ የመከበር ምልክት በሆነበት ከተማ ሰው ራሱ ተነሥቶ «ውፍረቴን መርምሩልኝ» ብሎ አይመጣም፤ ጤና ጣቢያው ነው መጀመር ያለበት።

በተለይ እንድታስቡበት የምፈልገው አንድ ጉዳይ ግን የሕመም ማስታገሻ ነው። ወፍራም ሰው ጉልበቱንና ወገቡን ያመዋል፤ ያመመው ሰው መድኃኒት ቤት ሄዶ ያለ ማዘዣ ዲክሎፌናክ ወይም ኢቡፕሮፌን ይገዛል፣ ሻል ሲለው ደግሞ ልማድ ያደርገዋል። እነዚህ መድኃኒቶች ወደ ኩላሊት የሚገባውን ደም ይቀንሳሉ፤ በሙቀት ብዙ ላብ ባፈሰሰና ውሃ ባልጠጣ ሰው ላይ፣ ወይም የግፊት መድኃኒት በሚወስድ ሰው ላይ ሲሆን ጉዳቱ የከፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ከተማችንን በሙሉ ያዳረሰው ቺኩንጉንያ የመገጣጠሚያ ሕመም ጥሎበት የሄደው ሰው ብዙ ነው፤ ሕመሙ ለወራት አንዳንዴም ለዓመታት ስለሚቆይ ማስታገሻ የሚውጠውም በዚያው ልክ በዝቷል ብዬ እፈራለሁ። ወፍራምነት፣ የሚቆጠቁጥ ጉልበት፣ ሙቀትና ያለ ማዘዣ የሚሸጥ ማስታገሻ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ኩላሊቱ በአራት አቅጣጫ ይመታል። ከመድኃኒት ቤቶች ጋር አንድ ቀን ቁጭ ብሎ መነጋገር ለቢሮው ምንም ወጪ የለውም።

ማክሰኛ ተብለው የሚሸጡትን ሻዮችና ዱቄቶችም ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ በቤልጅየም ብራስልስ ከተማ በአንድ የማክሰኛ ክሊኒክ የቻይና ዕፅ የተሰጣቸው ሴቶች ኩላሊታቸው በፍጥነት ተበላሽቶ ብዙዎቹ ለእጥበትና ለንቅለ ተከላ ተዳርገዋል፤ ጥፋተኛው አሪስቶሎኪክ አሲድ የተባለ በዕፁ ውስጥ ያለ መርዝ መሆኑ ተረጋግጧል። ኩላሊትን ከውፍረት ለማዳን ተብሎ ኩላሊትን መግደል ይቻላል ማለት ነው።

አሁን ወደ ምርመራው አሠራር ልመለስ፤ በዚህ በኩል ትንሽ ሐሳብ ማዋጣት እችላለሁ ብዬ አምናለሁ። ወገብ ለመለካት የሚያስፈልገው የልብስ ሰፊ ሜትር ነው፤ ሐረር ውስጥ መኪና ግርግር በተባለው መንገድ ያሉ ሰፊዎች በየቀኑ የሚይዙት ዓይነት። ልኩ ቀላል ነው፦ የወገብ ዙሪያ ከቁመት ግማሽ ካለፈ ሆድ ውስጥ ስብ በዝቷል ማለት ነው፤ ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው ከ85 ሴንቲሜትር በላይ መሆን የለበትም። ሚዛን ብቻውን ያታልላል፤ ያው 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው 87 ኪሎ ሲመዝን ምጣኔው ከ30 ያልፋል፣ ነገር ግን ጆንያ የሚሸከም ወዛደር ከሆነ ክብደቱ ጡንቻ ሊሆን ይችላል፣ በሌላ በኩል ደግሞ እጁና እግሩ ቀጭን ሆኖ ቦርጩ ብቻ የወጣ ሰው በሚዛን ያመልጣል።

የሽንቱ ምርመራ በእኛ አየር ንብረት ጥንቃቄ ይፈልጋል። ተራው ዲፕስቲክ፣ ማለትም ሽንት ውስጥ ተነክሮ በቀለም ለውጥ የሚነበበው ቁራጭ፣ የሚያነበው ሽንት ውስጥ ያለውን የፕሮቲን ጥግግት ነው። በግንቦትና በሰኔ ሙቀት ውሃ ሳይጠጣ የመጣ ሰው ሽንቱ ወፍራም ስለሚሆን ጤነኛው እንኳ ፕሮቲን ያለበት ሊመስል ይችላል፤ ሁለት ሊትር ውሃ ጠጥቶ የመጣ ሕመምተኛ ደግሞ ነጻ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ የጠዋት የመጀመሪያ ሽንት ቢወሰድ ይመረጣል፤ ጥርጣሬ ሲኖርም በሆስፒታል ደረጃ አልቡሚን ከክሪያቲኒን ጋር ያለው ምጣኔ ቢለካ የሽንቱ መቅጠንና መወፈር ውጤቱን አያዛባም። በአንድ ግራም ክሪያቲኒን 30 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ አልቡሚን ከተገኘ ጤናማ አይደለም፤ ዲፕስቲክ ይህን የመጀመሪያ ደረጃ አብዛኛውን ጊዜ ስለማያገኘው ምጣኔውን ለመለካት የሚያስችል ሪኤጀንት (የምርመራ ኬሚካል) በበጀት መያዝ አለበት። ትኩሳት ያለበት ሰው፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ያለበት፣ በዕለቱ ከባድ ሥራ የሠራ ወይም የወር አበባ ላይ ያለች ሴት ፕሮቲን ሊታይባቸው ስለሚችል ቀን መቀየር ይገባል። ወባና ዴንጌ በሚበዛበት ወቅት ይህ ካልታሰበበት በከንቱ የሚደነግጠው ሰው ብዙ ይሆናል። ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም አለ የሚባለውም ጉዳቱ ከ3 ወር በላይ መቆየቱ በድጋሚ ምርመራ ሲረጋገጥ ብቻ ነው።

«አግኝተን ምን እናደርጋለን?» የሚለው ጥያቄ ከባልደረቦቼ ደጋግሞ ይነሣ ነበር፤ ተገቢ ጥያቄም ነው። የሚደረገው ብዙ ነው። ጉዳቱ ገና በሽንት ፕሮቲን ደረጃ ላይ እያለ ከክብደቱ ከመቶ 5 እስከ 10 የቀነሰ ሰው የሚያፈሰው ፕሮቲን ይቀንሳል። ኢናላፕሪልና መሰሎቹ፣ በጤና ጣቢያ ደረጃ የሚታወቁና ርካሽ የሆኑ የግፊት መድኃኒቶች፣ በማጣሪያው ውስጥ ያለውን ግፊት ስለሚያወርዱ ፖታስየምና ክሪያቲኒን እየታየ ሲሰጡ ጉዳቱን ያዘገያሉ። ጨውን በቀን ከ5 ግራም በታች ማድረግ፣ ለስላሳውን በውሃ መተካት፣ ማስታገሻውን ማቆም ሐኪም የማይጠይቁ እርምጃዎች ናቸው። ሴማግሉታይድ የተባለው መርፌ ሁለተኛው ዓይነት ስኳርና የኩላሊት ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ ከባድ የኩላሊት ጉዳትን በ24 በመቶ መቀነሱ እ.ኤ.አ. በ2024 ታትሟል፤ ዋጋው ግን ለእኛ ጤና ጣቢያ አይደለም፣ ጥያቄዬም እሱ አይደለም።

በሌላ በኩል ሳይታወቅ የቀረ ሰው የሚጠብቀውን እናውቃለን። የኩላሊት እጥበት በተለመደው አሠራር በሳምንት 3 ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜም 4 ሰዓት ያህል የሚወስድ ሲሆን ንቅለ ተከላ ካልተደረገ በቀር ማብቂያ የለውም። በአገራችን ንቅለ ተከላ እ.ኤ.አ. በ2015 አዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ተጀምሯል፤ ኩላሊቱን የሚሰጠው ግን በአብዛኛው በሕይወት ያለ ዘመድ ነው። በየመንገዱ ፎቶግራፉ ተለጥፎ ገንዘብ የሚለመንለትን ታማሚ ያላየ የድሬ ልጅ የለም። ያ ሁሉ ገንዘብ ለአንድ ሰው ለጥቂት ወራት የሚሆን ነው፤ የዲፕስቲክ ዋጋ ግን ምን ያህል እንደሆነ ግዢ ክፍላችሁ ያውቀዋል።

ትሪያጅ (ታማሚን መጀመሪያ ተቀብሎ የሚለየው ክፍል) ላይ ያሉት ነርሶች ሥራ እንደሚበዛባቸው፣ ሪኤጀንት እንደሚያልቅ፣ ማሽን ተበላሽቶ ለወራት እንደሚቆም ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ጥቂት ነው። ስለዚህ በሁሉም ጤና ጣቢያዎች በአንድ ጊዜ ይጀመር አልልም። ከከተማው ሁለት፣ ከገጠር ቀበሌዎች አንድ ጤና ጣቢያ ተመርጠው ለአንድ ዓመት ይሞከር። ነርሷ ግፊት ስትለካ ወገብም ትለካ፤ ከልኩ ያለፈው ጎልማሳ በዚያው ቀን ሽንቱን ይስጥ፤ ፕሮቲን የታየበት ከሁለት ሳምንት በኋላ በጠዋት ሽንት ይደገምለት፤ አሁንም ከታየበት ዓመታዊው ምርመራ ሳይጠበቅ ክሪያቲኒኑ ተሠርቶ የማጣራት አቅሙ ይሰላ፣ ከ3 ወር በኋላም እንደገና ይታይ። የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቤት ለቤት ሲሄዱ ሜትር ይያዙ፤ ሴቶች ከወንድ ነርስ ይልቅ በቤታቸው በእነሱ ቢለኩ ይመርጣሉ። ልኬቱ ማንንም ለማሳፈር አለመሆኑ፣ ሰው በሰው ፊት «ወፍራም» እየተባለ እንዳይጠራ፣ ባለሙያው ሁሉ አስቀድሞ ይነገረው፤ አንድ ጊዜ ያፈረ ሰው ተመልሶ አይመጣም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት ለእነዚህ ሦስት ምርመራዎች ከኪሳቸው እንዳይከፍሉም ከመድኑ ጽሕፈት ቤት ጋር ስምምነት ይደረግ።

በየሩብ ዓመቱ ስንት ሰው እንደተለካ፣ በስንቱ ላይ ፕሮቲን እንደተገኘ፣ ከእነሱም ውስጥ ስንቱ ቀድሞ ግፊትም ስኳርም እንዳልነበረበት ቢሮው በግልጽ እንዲያሳውቀን እጠይቃለሁ። የመጨረሻው ቁጥር ኢምንት ሆኖ ከተገኘ ጥያቄዬ ስሕተት ነበርና ገንዘቡ ወደ ሌላ ሥራ ይሂድ። ለሙከራው የሚመረጡትን የላቦራቶሪ ሠራተኞች የሽንት ናሙና አወሳሰድና ንባብ ለማሠልጠን ያለ ክፍያ ዝግጁ ነኝ፤ ቢሮው በሚወስነው ቀንና ቦታ እገኛለሁ።

ከአክብሮት ጋር
ጡረታ የወጣ የላቦራቶሪ ባለሙያ
ድሬዳዋ

ግልባጭ፦
ለሐረሪ ክልል ጤና ቢሮ፣ ሐረር